«ፎርማት ይደረግ» ከማለትዎ በፊት

ሰኔ ነበር። የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሦስት ሳምንት ቀርቶት፣ የሂሳብ ክፍሉ ሠራተኛ ምሳውን ሳይቀር ጠረጴዛው ላይ የሚበላበት ሰሞን። ሐሙስ ጠዋት ስልኬ ጠራ። «ልጄ፣ ይሄ ፕሮግራም ሊያሠራን አልቻለም። ማክሰኞ ማታ አፕዴት ሲያደርግ አመሸ፤ ከዚያ ወዲህ ጤና የለውም» አሉኝ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው የክፍሉ ኃላፊ።

ስደርስ ከአምስቱ ኮምፒውተሮች አንዱ ፎርማት ተደርጓል። ወጣቱ ባልደረባዬ ረቡዕን ሙሉ ሲደክም ውሎ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ጭኗል፣ የሂሳብ ፕሮግራሙን መልሷል፣ ፕሪንተሩን አገናኝቷል። ዴስክቶፕ ላይ የነበረ የአንዲት ሠራተኛ ፎልደር ግን አብሮ ጠፍቷል። ፕሮግራሙም ሪፖርት ሲከፈት አሁንም ይዘጋል።

ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባላል። በሙያችን ቀንዱ ፎርማት ነው። ከአፕዴት በኋላ የመጣን ብልሽት ሁሉ አፕዴቱ አመጣው ብሎ መደምደም ቀላል ነው፤ ዲስኩን አጥፍቶ እንደገና መጫንም ሥራ የተሠራ ያስመስላል። ነገር ግን ፕሮግራሙ በወደቀ ቁጥር ኮምፒውተሩ ምስክርነት ጽፎ ያስቀምጣል። ፎርማት መጀመሪያ የሚያጠፋው ያንን ጽሑፍ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን እንያዝ፤ ለአይቲ ሠራተኛውም፣ አይቲ በሌለበት መሥሪያ ቤት «አንተ ትንሽ ታውቃለህ» ተብሎ ለሚጠራውም ይሠራል።

መጀመሪያ አወዳደቁን ይለዩ

«ፕሮግራሙ አይሠራም» የሚል ቅሬታ ቢያንስ አራት የተለያዩ ሕመሞችን ይሸፍናል። አንደኛው ፕሮግራሙ ጨርሶ የማይከፈትበት ነው። ሁለተኛው ተከፍቶ፣ እየሠራ ሳለ ድንገት ጥርግ ብሎ የሚጠፋበት። ሦስተኛው ሳይዘጋ ደርቆ የሚቀርበት፣ ማለትም መስኮቱ ነጣ ብሎ «ኖት ሪስፖንዲንግ» የሚልበት። አራተኛው ፕሮግራሙ ብቻ ሳይሆን ኮምፒውተሩ ራሱ ሰማያዊ ስክሪን (በአዲሱ ዊንዶውስ 11 ጥቁር) አሳይቶ እንደገና የሚነሳበት ነው። የማይከፈት ፕሮግራም ብዙውን ጊዜ የጎደለው ፋይል ወይም ያልተነሳ ሰርቪስ አለ። የሚደርቅ ፕሮግራም የሆነ ነገር እየጠበቀ ነው፤ ከኔትወርክ፣ ከሰርቨር ወይም ከዲስክ መልስ ያጣ። ሰማያዊ ስክሪን ወደ ድራይቨር ወይም ወደ ዕቃው ራሱ ይጠቁማል።

ከዚያ ሦስት ጥያቄ ይጠይቁ። ምን ሲያደርጉ ነው የሚዘጋው? ሁልጊዜ ነው ወይስ አንዳንዴ? በሁሉም ኮምፒውተር ላይ ነው ወይስ በጥቂቶቹ? ሦስተኛው ጥያቄ ብቻውን የግማሽ ቀን ሥራ ያተርፋል። አንድ ዓይነት አፕዴት ከወሰዱ አምስት ኮምፒውተሮች ሁለቱ ደኅና ከሆኑ፣ መመርመር ያለበት በደኅናዎቹና በታመሙት መካከል ያለው ልዩነት ነው።

«አፕዴት» ሲሉዎት የቱን ማለታቸው ነው?

ማይክሮሶፍት ዋናውን የዊንዶውስ ማሻሻያ በየወሩ በሁለተኛው ማክሰኞ ይለቃል። ይህን ልማድ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይዞ ቆይቷል። የሚለቀቀው በአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ ጠዋት ስለሆነ በእኛ ሰዓት ማክሰኞ ማታ 2 ወይም 3 ሰዓት ላይ ይደርሳል። ረቡዕና ሐሙስ ጠዋት የቅሬታው ስልክ የሚበዛው አለምክንያት አይደለም።

ሆኖም በዚያው ሌሊት ሌላም ነገር ሊገባ ይችላል። በሴቲንግ ውስጥ «ዊንዶውስ አፕዴት» ከዚያም «አፕዴት ሂስትሪ» የሚለውን ሲከፍቱ ዝርዝሩ በክፍል በክፍል ተለይቶ ይመጣል፤ ወርኃዊው ማሻሻያ ለብቻው፣ ድራይቨር ለብቻው፣ የቫይረስ መከላከያው መረጃ ለብቻው። አንቲቫይረሱ፣ ብራውዘሩና የቢሮ ፕሮግራሞቹ ደግሞ በራሳቸው መንገድ ይታደሳሉ፤ እዚህ ዝርዝር ውስጥ ላይታዩም ይችላሉ።

ይህ ልዩነት ምን ያህል እንደሚያሳስት ዓለም ሁሉ ያየው ዓርብ ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ላይ ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ሶፍትዌር ኩባንያ አንድ የተበላሸ ፋይል ለደንበኞቹ ላከ። ፋይሉን ከ78 ደቂቃ በኋላ ቢያቆመውም፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ወድቀው ነበር። አውሮፕላኖች ቆሙ፣ ሆስፒታሎች ተስተጓጎሉ። ብዙ ሰው መጀመሪያ ጣቱን የቀሰረው በማይክሮሶፍት ላይ ነው። በዚያን ጠዋት ግን የተለወጠው ዊንዶውስ አልነበረም፤ ዊንዶውስ ላይ የተጫነ ጠባቂ ነበር። መድኃኒቱም ኮምፒውተሩን በሴፍ ሞድ አስነስቶ ያንኑ ፋይል መሰረዝ ሆነ። ይህን ያላወቀ፣ ማሽኖቹን አንድ በአንድ ፎርማት እያደረገ ሳምንት በከረመ።

አንድ ሌላ ተጠርጣሪ አለ፤ ሪስታርቱ። ብዙ የቢሮ ኮምፒውተር ማታ «ሻት ዳውን» ቢባልም፣ ፈጥኖ እንዲነሳ ተብሎ የዊንዶውሱ እምብርት ዲስክ ላይ ተቀምጦ ያድራል፤ ጠዋት የሚነሳው ያው የትናንቱ ነው። አፕዴት ግን እውነተኛ ሪስታርት ያስገድዳል። ያኔ ለወራት ተደብቆ የቆየ ችግር ይወጣል፤ በራሱ የማይነሳ ሰርቪስ፣ አድራሻው የተለወጠ ሰርቨር፣ መጎዳት የጀመረ ዲስክ። አፕዴቱ በሩን ከፈተው እንጂ ሌባውን አላመጣውም።

መብራትንም አይርሱ። አፕዴት ገና በመጫን ላይ ሳለ መብራት ከሄደ ግማሹ ፋይል አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ ሆኖ ሊቀር ይችላል። እንዲሁም የሲ ዲስክ ላይ የቀረውን ቦታ ይመልከቱ። አፕዴቱ ቦታውን ጨርሶት ከሆነ ጊዜያዊ ፋይል የሚጽፉ ፕሮግራሞች ይወድቃሉ፤ ምርመራው እዚያው ያበቃል።

የኮምፒውተሩን ምስክርነት ያንብቡ

ዊንዶውስ ሁለት ደብተር አለው። አንደኛው ለማንም የሚገባ ነው። መፈለጊያው ላይ «ሪላያቢሊቲ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ሲጽፉ «ቪው ሪላያቢሊቲ ሂስትሪ» የሚል ይመጣል። ሲከፍቱት ቀኖች ተደርድረው ያያሉ፤ የወደቀ ፕሮግራም ቀይ ምልክት አለው፤ የተጫነ ነገርም በየቀኑ ሥር ተዘርዝሯል። እዚህ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ የመጀመሪያው ቀይ ምልክት ከአፕዴቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ፕሮግራሙ ካለፈው ወር ጀምሮ አልፎ አልፎ ይወድቅ ከነበረ፣ ሰዎች አላስተዋሉትም እንጂ የማክሰኞው አፕዴት ነጻ ነው።

ሁለተኛው ደብተር «ኢቨንት ቪወር» ነው። «ዊንዶውስ ሎግስ» ከዚያም «አፕሊኬሽን» ውስጥ ይግቡና ፕሮግራሙ በወደቀበት ሰዓት ያለውን ቀይ መስመር ይፈልጉ። ቁጥሩ 1000 ከሆነ ፕሮግራሙ ወድቋል፤ 1002 ከሆነ ደርቋል፤ 1026 ከሆነ የዶትኔት ፕሮግራም ነው፤ ከሥሩም የስህተቱን ዝርዝር ጽፎታል። ቁጥር 1000 ላይ አራት ነገሮችን ይቅዱ፦ የወደቀውን ፕሮግራም ስም፣ «ፎልቲንግ ሞጁል» ከሚለው ፊት ያለውን የፋይል ስም ከነሥሪቱ፣ «ኤክሴፕሽን ኮድ» የሚለውን፣ እና «ፎልት ኦፍሴት» የሚለውን ቁጥር።

ኮዱ የመጨረሻ አኃዞቹን ላወቀ ሰው ብዙ ይናገራል። መጨረሻው 0005 ከሆነ ፕሮግራሙ የእሱ ያልሆነ የሜሞሪ ቦታ ሊነካ ሞክሮ ተባሯል። በጣም የተለመደው ይህ ነው፤ ግን ብቻውን ጥፋተኛውን አይነግርም። መጨረሻው 0135 ከሆነ የሚያስፈልገው ዲኤልኤል ፋይል ጠፍቷል። መጨረሻው 007 እና ቢ ከሆነ ባለ 32 ቢትና ባለ 64 ቢት ፋይሎች ተደባልቀዋል። መጨረሻው 4352 ከሆነ የዶትኔት ስህተት ነውና ወደ 1026 ይሂዱ።

ኦፍሴቱንም አይናቁት። ሦስት ጊዜ ወድቆ ሦስቱም ላይ ሞጁሉና ኦፍሴቱ አንድ ከሆነ፣ ፕሮግራሙ ሁልጊዜ የሚደናቀፈው በአንድ ድንጋይ ነው፤ የሶፍትዌር ጉዳይ ነው ማለት ይቻላል። በየጊዜው ሞጁሉም ኦፍሴቱም ከተለዋወጠ፣ በተለይም ሌሎች ፕሮግራሞችም ከወደቁ፣ ራሙንና ዲስኩን ይጠርጥሩ። ዊንዶውስ ራሱ የሜሞሪ መመርመሪያ አለው፤ ማታ ትተውት ቢሄዱ ጠዋት ውጤቱን ያገኙታል።

ስሙ የተጠራ ሁሉ ጥፋተኛ አይደለም

ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሞጁሉ ላይ «ኤንቲዲኤልኤል» ወይም «ከርነልቤዝ» የሚል ያይና «ይኸው የዊንዶውስ ፋይል ነው፣ አፕዴቱ ነው ያበላሸው» ይላል። እነዚህ ሁለቱ ማንኛውም ፕሮግራም ሥራውን ሲሠራ የሚያልፍባቸው የዊንዶውስ በሮች ናቸው። ሌላ ያበላሸው ነገር እነሱ ደጃፍ ላይ ሲደርስ ይወድቃል። አስከሬን ደጃፉ የተገኘበት ሁሉ ገዳይ አይሆንም።

ሞጁሉ የማያውቁት ስም ከሆነ ግን ደስ ይበልዎ፤ ፍንጭ አግኝተዋል። መዝገቡ የፋይሉን አድራሻም ይሰጣል። ወደዚያ ይሂዱ፣ ፋይሉን በቀኝ ጠቅ አድርገው «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ «ዲቴይልስ» የሚለውን ያንብቡ። የማን ሥራ እንደሆነ ብዙውን ጊዜ እዚያ ይገኛል፤ የፕሪንተር አምራች፣ የስክሪን ካርድ አምራች፣ አንቲቫይረስ፣ ወይም ከኪቦርዱና ከፕሮግራሙ መካከል ገብቶ የሚሠራ የአማርኛ መጻፊያ።

የእኛ መዝገብ እንዲህ ያለ ነበር። የወደቀው የሂሳብ ፕሮግራሙ፣ ኮዱ በ0005 የሚያልቅ፣ ኦፍሴቱ ሁልጊዜ አንድ፣ ሞጁሉ ደግሞ ሰምቼው የማላውቀው ስም። ዲቴይልሱን ስከፍት የፕሪንተር አምራች ስም አገኘሁ። ፕሪንተር ደግሞ ማንም አላዘዘም፤ ሪፖርት ብቻ ነው የተከፈተው።

አንድ በአንድ ይሞክሩ

ጥርጣሬ ማስረጃ የሚሆነው በሙከራ ነው። ሕጉ አንድ ነው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ፣ ይሞክሩ፣ ይጻፉ፣ ካልሠራ ወደ ነበረበት ይመልሱ። አምስት ነገር በአንዴ ቀይሮ «ተስተካከለ» ያለ ሰው በሚቀጥለው ወር እንደገና ይጠራል። ከቀላሉ ወደ ከባዱ የሚከተለው ቅደም ተከተል ጊዜ ይቆጥባል።

አንድ፦ እውነተኛ ሪስታርት ያድርጉ። በመካከል የቀረ አፕዴት ካለ ይጨርሳል።

ሁለት፦ ሌላ ፋይል ወይም ባዶ ፋይል ይክፈቱ። የሚጥለው አንድ ፋይል ብቻ ከሆነ የታመመው ፋይሉ ነው።

ሦስት፦ ዋናውን ፕሪንተር ወደ «ማይክሮሶፍት ፕሪንት ቱ ፒዲኤፍ» ይቀይሩና ይሞክሩ። ሪፖርት የሚያሳዩና ገጽ የሚያሰናዱ ፕሮግራሞች የወረቀቱን ስፋትና ህዳግ ለማወቅ ዋናውን ፕሪንተር ይጠይቃሉ። ያልታተመ ሪፖርት በፕሪንተር ድራይቨር የሚወድቀው በዚህ ምክንያት ነው።

አራት፦ በኮምፒውተሩ ላይ አዲስ ተጠቃሚ ፈጥረው በእሱ ይግቡ። እዚያ ከሠራ የተበላሸው የሰውዬው ሴቲንግ እንጂ ዊንዶውስ አይደለም።

አምስት፦ ከዊንዶውስ ጋር አብረው የሚነሱ የሌሎች ኩባንያ ፕሮግራሞችን ለጊዜው አጥፍተው ያስነሱ። ከሠራ ግማሽ ግማሹን እየመለሱ ጥፋተኛውን ያጥብቡ። ሃያ ፕሮግራም ቢሆን እንኳ አምስት ሙከራ ግድም ይበቃል።

ስድስት፦ የዊንዶውስን ፋይሎች ያስፈትሹ። በአስተዳዳሪ መብት የተከፈተ የትእዛዝ መስኮት ላይ «ኤስኤፍሲ ስካንናው» የሚባለው ትእዛዝ የተጎዱ ፋይሎችን ፈልጎ ይተካል። በአፕዴት መካከል መብራት ለሄደበት ኮምፒውተር ሁነኛ ነው።

አፕዴቱን ማንሳት መቼ ነው?

ይህን ሁሉ አልፈው ጣትዎ አሁንም ወርኃዊው አፕዴት ላይ ካረፈ፣ ከ«አፕዴት ሂስትሪ» ውስጥ «አንኢንስቶል አፕዴትስ» በሚለው በኩል ያንሱት። በአንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ያድርጉት። አፕዴቱ ሲነሳ ፕሮግራሙ ከሠራ፣ ሲመለስ ከወደቀ፣ ያኔ «አፕዴቱ ነው» ቢሉ ማንም አይከራከርዎትም።

እንዲህ ያለ ጥፋት በእርግጥ ያጋጥማል። በመጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. የወጣው የዊንዶውስ ማሻሻያ በአንዳንድ ፕሪንተሮች ሲታተም ኮምፒውተሩን በሰማያዊ ስክሪን ይጥል ነበር፤ ማይክሮሶፍትም ሳምንት ሳይሞላ ማስተካከያ ለቋል። ስለዚህ የሚያነሱት ማስተካከያው እስኪመጣ ነው። አፕዴትን ለዘለዓለም መዝጋት ሌላ ዋጋ አለው። በግንቦት 2017 እ.ኤ.አ. ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ወደ 150 በሚሆኑ ሀገራት ፋይል ቆልፎ ገንዘብ ሲጠይቅ፣ የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው አፕዴት ከወጣ ሁለት ወር ሊሞላው ነበር። የተጎዳው ያልጫነው ነው።

ለሶፍትዌሩ አምራች ሲጽፉም «ከአፕዴት በኋላ አይሠራም» አይበሉ። የፕሮግራሙን ሥሪት፣ የዊንዶውሱን ሥሪት፣ በኬቢ የሚጀምረውን የአፕዴቱን ቁጥር፣ ከመዝገቡ የቀዱትን አራት ነገርና የሚወድቅበትን እርምጃ በቅደም ተከተል ይጻፉ። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ወደ ፕሮግራመሩ ጠረጴዛ ይደርሳል፤ ሌላው «ሪስታርት አድርገው ይሞክሩ» የሚል መልስ ይዞ ይመለሳል።

ስልክ ላይስ?

መንገዱ ያው ነው። በመጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. በብዙ የአንድሮይድ ስልኮች ላይ ጂሜይልን ጨምሮ በርካታ አፖች በአንድ ቀን መዘጋት ጀመሩ። አፖቹ አልተነኩም ነበር፤ ገጽ የሚያሳዩበት «ዌብቪው» የተባለው የጋራ ክፍል ነው የተበላሸው። ስለዚህ ብዙ አፕ በአንዴ ከወደቀ ሁሉም የሚጋሩትን ይፈልጉ፤ ከፕሌይ ስቶር «አንድሮይድ ሲስተም ዌብቪው» እና ክሮምን ያድሱ። አንድ አፕ ብቻ ከወደቀ መጀመሪያ አፑን ያድሱ፣ ቀጥሎ «ክሊር ካሽ» ይበሉ። «ክሊር ዳታ» የሚለውን ግን ሳያስቡ አይንኩ፤ ያልተላከ መልእክትና የመግቢያ ቁልፍ አብሮ ይሄዳል።

ለሚቀጥለው ማክሰኞ

አምስትም ሆነ ሃምሳ ኮምፒውተር ካለዎት አንዱን ፊታውራሪ ያድርጉት። አፕዴቱን ቀድሞ ይውሰድ፤ ሌሎቹን ለሳምንት ያቆዩ። ዊንዶውስ እስከ 5 ሳምንት ማቆየት ይፈቅዳል። በፊታውራሪው ላይ የቢሮውን ዋና ዋና ሥራ ይሞክሩ፤ መክፈት፣ መመዝገብ፣ ሪፖርት ማውጣት፣ ማተም። የሂሳብ መዝጊያ ሳምንት ላይ ምንም አፕዴት አያስገቡ፤ አፕዴት ሲጫንም ዩፒኤስ ያለው ኮምፒውተር ይመረጣል። የዴስክቶፕ ፎልደር ባክአፕ እንዳልሆነም ሠራተኛው ሁሉ ይወቅ።

ወደ ሰኔው ሐሙስ ልመለስ። ዋናውን ፕሪንተር ወደ ፒዲኤፍ ቀየርኩት፤ ሪፖርቱ ተከፈተ። መለስኩት፤ ወደቀ። ደኅና የነበሩት ሁለቱ ኮምፒውተሮች የሚያትሙት በሌላ ፕሪንተር ነበር። አፕዴት ሂስትሪው ማክሰኞ ማታ ከወርኃዊው ማሻሻያ ጎን አዲስ የፕሪንተር ድራይቨር መግባቱን ይናገራል። ፎርማት የተደረገው ማሽንም ፕሪንተሩ ሲገናኝ ያንኑ ድራይቨር መልሶ ስለወሰደ ነው ያልዳነው። ድራይቨሩን በቀድሞው ተካነው፤ ሥራው ሩብ ሰዓት አልፈጀም።

ልሰናበት ስል እትዬ ከመሳቢያቸው ትንሽ ደብተር አወጡ። ረቡዕ ጠዋት 3 ሰዓት ከ10፣ ሪፖርት ሲከፈት ተዘጋ። 3 ሰዓት ከ40፣ ሪፖርት ሲከፈት። 5 ሰዓት፣ ሪፖርት ሲከፈት። ስድስት መስመር፣ ስድስቱም «ሪፖርት ሲከፈት» ይላሉ። ባልደረባዬ ከትከሻዬ በላይ አንብቦ አንገቱን ደፋ።

«ትናንትም እዚሁ ነበር» አሉ እትዬ ደብተሩን እየመለሱ። «የጠየቀኝ የለም እንጂ።»